የሚዳቋዋ ገዳይ

ወይንእሸት ስንዱን የፈጠረቻት ሞጣ በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ ደንበኛ ጋብ ባለበት ሰዓት ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጣ ነው። ስንዱ አባቷ የሞተባት፣ ታናናሾቿን የምታበላው ያጣች፣ ቀስት አንሥታ ጫካ የገባች ልጅ ናት። ጫካው ግን የትም የለም። ያለው ስልክ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢቸና አብረው የተማሩ፣ በኋላ እንጀራ የበታተናቸው ጓደኛሞች ቴሌግራም ላይ «ማዶ» የሚል ግሩፕ ከፍተዋል። ማዶ አገር ናት፤ ዘንዶዋ ክንፍ ያለው፣ ወንዟ ሽቅብ የሚፈስ፣ ንጉሧ እንቅልፍ ከወሰደው ዘመን ያለፈው። ሁሉም የየራሱን ሰው ፈጥሮ በዚያ ሰው አፍ ይናገራል፤ ያ ሰው ያደረገውን ይጽፋል። አንዱ «ሰይፌን መዘዝኩ» ካለ፣ ሰይፉ ይቁረጥ ወይስ ይሰበር ብሎ የሚፈርደው ደግሞ አንዷለም ነው። «ዳኛ» ነው የሚሉት።

አንዷለም ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ያጣ፣ ቢቸና አባቱ ቤት ቁጭ ያለ ልጅ ነው። ምላሱ የሰላ፣ ጨዋታው የማይጠገብ። አባቱ ጋሽ ይግዛው ግን በጨዋታው ስቀው አያውቁም። ገበታ ላይ ሲቀርቡ የጎረቤት ልጆችን ስም እየጠሩ፣ ማን ቤት እንደሠራ፣ ማን እናቱን እንደጦረ ያወራሉ፤ ስለ እሱ ክፉም ደግም አይናገሩም። ሲብስባቸው ብቻ «የእኛው ልጅማ ዓለምን በስልክ ገዝቷታል» ይላሉ።

ስንዱ ማዶ የገባች ዕለት ቀድሞ የተቀበላት ታዘበው ነው። ታዘበው አዲስ አበባ ባንክ ቤት ይሠራል፤ የፈጠረው ሰው ቢተው የሚባል፣ በአንድ ፍላጻ ሦስት ጅብ የሚደረድር አዳኝ ነው። በቢተው አፍ፣ «ነይ እኅቴ፣ ጎሹ ያውልሽ ቆሟል፤ ጣይው!» ብሎ ጻፈላት።

ወይንእሸት መለሰች፤ «ስንዱ ሳበች። ክንዷ ተንቀጠቀጠ። ስትለቀው ዓይኗን ጨፍና ነበር። ጅማቱ ክንዷን ገረፋት፤ ፍላጻው የት እንደገባ አላየችም። ጎሹ ቀና ብሎ አያትና ሣሩን መጋጡን ቀጠለ።»

ግሩፑ በሳቅ ፈነዳ። «ይቺ ልጅ በረሃብ ልትፈጀን ነው» አለ አንዱ። «ጎሹም ታዝቧታል» አለ ታዘበው። አንዷለም ግን ለብቻዋ ጻፈላት።

«ከየት አመጣሽው? ቀስት ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«ነክቼም አላውቅ። ግን ጀማሪ እንዴት ወዲያው ይመታል? መጀመሪያ የጠመቅሁትን ጠላ እማ ለውሻ እንኳ አልሰጠችውም።»

«እኔም ይዤ አላውቅም። እንግዲያው ቅዳሜ ስትመጪ እንሥራና እንየዋ።»

በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሞጣ ቢቸና መምጣት ልማዷ ነበር፤ እናቷ ወይዘሮ ባንቺዓለም ብቻቸውን ናቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ቅዳሜ የምትናፈቅ ቀን ሆነች። የመጀመሪያዋን ቀስት ከእርጥብ ወይራ ጠረቡ፤ ስትደርቅ ተሰነጠቀች። ሁለተኛዋን ጥላ ሥር ቀስ ብለው አደረቋት፤ እሷ ጸናች። ለጅማቱ የጆንያ መስፊያ ሲባጎ ገመዱ። ፍላጻውን ከሸምበቆ ቆረጡ፤ ጫፉ ላይ በድንጋይ የተቀጠቀጠ ሚስማር ሰኩበት፤ ጭራው ላይ የዶሮ ላባ በማስቲሽ ለጠፉበት። አንዱ ላባ ቀጥ ካለ ሌላው ይወላገዳል። የተወላገደው ፍላጻ አየር ላይ እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ፣ ከአንዷለም አባት ጓሮ የጭድ ክምር አልፎ ከጎረቤት ጓሮ ጎመን ላይ ያርፋል።

ከዚያው ክምር ጭድ ጆንያ ውስጥ ሞልተው አቆሙና በየተራ ወረወሩበት። ጆንያውን ከመምታት መሳቱ ይበዛ ነበር። መጀመሪያ ያበጠው የወይንእሸት ጣት ነው፤ ቀጥሎ ትከሻዋ። ሲባጎው ክንዷን በገረፋት ቁጥር ሰንበሩ ላይ ሰንበር ተደረበ። ወይዘሮ ባንቺዓለም እጅጌዋን ሰብስባ ስትታጠብ አዩት።

«ማነው እጁን ያነሣብሽ?»

«ማንም አይደል እማ። በራሴ ነው።»

«ራስሽን ገርፈሽ? እኔን ቂል አታድርጊኝ!»

ስትነግራቸው ይባስ ተቆጡ፤ ሴት ልጅ ያውም መድኃኒት የምታድል፣ ከጓሮ ቆማ ቀስት መወርወሯ አልዋጥ አላቸው። እሷ ግን ሰኞ ሞጣ ስትመለስ ያን ሁሉ ለስንዱ ታወርሳት ነበር። የስንዱ ጣት አበጠ። የስንዱ ፍላጻ ቁጥቋጦ ውስጥ ጠፋ፤ ስንዱ በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች ስትፈልግ ውላ ባዶ እጇን ገባች፤ ታናናሾቿ ጎመን በጨው ቀቅለው በሉ። መጀመሪያ የሳቁት ሳቃቸውን ተዉ። ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ። ታዘበው ራሱ፣ ያ በአንድ ፍላጻ ሦስት ጅብ የሚጥለው፣ ባንክ ቤቱ ሲዘጋ «ዛሬስ ስንዱ በላች?» ብሎ ይጽፍ ነበር።

«አስማት አድርገሽባቸዋል» አላት አንዷለም አንድ ቀን፣ ክርኗን ከጀርባዋ ይዞ ቀና እያደረገላት። «ዘንዶዬን ረስተው የአንቺን ድርጎ የሚቆጥሩ ሆኑ።» ክርኗ ከተቃናም በኋላ እጁን አልወሰደም፤ እሷም ውሰድ አላለችውም። ሌላ የተባባሉት ነገር የለም። ነገር ግን እንደሚዋደዱ ሁለቱም ያወቁ ይመስላቸው ነበር።

ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ከክምር ወጥተው ዱር ሊሞክሩ ተስማሙ። «ለጅግራ ነው» ተባባሉ። ሚዳቋ መግደል ክልክል መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስለ ሚዳቋ ደግሞ ያነሣ አልነበረም። ቅዳሜ ማለዳ ቀስቲቱን ጋቢ ውስጥ ጠቅልለው፣ ከከተማው ወጥተው ቁልቁል ወደ አንድ ሸለቆ ወረዱ። ከሸለቆው ራስ ላይ አንዲት የገጠር ማርያም አለች፤ ደኗ እንደ ጥቁር ጎፈሬ ከሩቅ ይታያል።

ጅግሮቹ ከእግራቸው ሥር ፍርር ብለው ሲነሡ አንዷለም ደንግጦ ለቀቀው። ፍላጻው አጋም ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ «ይህን ደግሞ ለስንዱ አትስጪብኝ!» አላት። ቀስቲቱን ተቀበለችው። ተራዋ ነበር።

ያኔ ነው ሚዳቋዋ ብቅ ያለችው። ከታችኛው ቁጥቋጦ ወጥታ፣ ጆሮዋን እያማታች፣ አንገቷን ቀለስ አድርጋ ቆመች። ወይንእሸት ልግደል ብላ አላሰበችም። እጇ ግን ለወራት የለመደውን አደረገ። ሳበች፤ ክርኗ ተቃና፤ ዓይኗ አልተጨፈነም፤ ለቀቀችው። ጠፍ የሚል ድምፅ ሰማች፤ ጭድ የሞላው ጆንያ ሲመታ የሚያወጣውን ድምፅ።

«መታሻት! መታሻት!» አንዷለም ዘለለ።

ሚዳቋዋ አልወደቀችም። ከመሬት ተስፈንጥራ ወደ ጎን አረፈችና፣ የነደፋት ነገር ያለ ይመስል ጎኗን ዞራ አየች። ከዚያ ሽቅብ ሮጠች። እየሮጠች ቁጥቋጦው ፍላጻውን ሲሰብረው ተሰማ።

ተከተሏት። ድንጋይ ላይ የተንጠባጠበ ደም አገኙ፤ ትንሽ እልፍ ብሎ ሌላ። ደሙ ውስጥ የተመነዠከ ሣር አረንጓዴው ይታያል። ሆዷን እንደወጋቻት ወይንእሸት ያኔ ገባት፤ ሆዱ የተወጋ ደግሞ ቶሎ አይሞትም። የደሙ መንገድ ሽቅብ ወደ ማርያም ወሰዳቸው። የቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ አጥር አንድ ቦታ ተንዶ ነበር፤ በንዱ ላይ ደም አለ።

አንዷለም እዚያ ሲደርስ ቆመ።

«ተይ በቃ። እንሂድ።»

«በሕይወት አለች እኮ! በዚህ ሁኔታ ጥለናት?»

«ሰው ያየናል ወይንእሸት። በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ያውም የዱር እንስሳ! ያሳስሩናል። አባቴ ቢሰማ…» ፊቱ አመድ መስሏል። ከደኑ ውስጥ እንደ ፍየል ግልገል ያለ ድምፅ ወጣ። አንዷለም ጆሮውን ሊይዝ እጁን አነሣና መልሶ ጣለው። «እኔ አልገባም» አለ።

«እሺ፤ እዚህ ጠብቀኝ» አለችና ንዱን ተሻግራ ገባች።

ሚዳቋዋ ከአንድ ጽድ ሥር ተኝታለች። ጎኗ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የተሰበረው ሸምበቆ አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ወይንእሸት ስትቀርባት ለመነሣት ሞከረች፤ የፊት እግሮቿ ተነሡ፣ የኋላዎቹ እምቢ አሉ። ወይንእሸት ከጉያዋ ካራ አወጣች፤ ከእናቷ ማድቤት ያነሣቻት፣ ሽንኩርት መክተፊያ ናት። አወጣቻት እንጂ ምን እንደምታደርግባት አላወቀችም። እንደያዘቻት ቆማ አለቀሰች።

«ምን አጥፍታ ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ።

የደብሩ ጠባቂ አባ ወልደ ኪዳን ናቸው፤ ቅኔ ሲያስተምሩ አርጅተው ዓይናቸው ሲደክም ደኑን የሚጠብቁ መነኩሴ። መቋሚያቸውን ተደግፈው የሚጠይቁት ስለ ሚዳቋዋ ነበር።

«ምንም አላጠፋች አባ። እኔ ነኝ። ይጨርሱልኝ፤ እኔ አልችልም።»

«እዚህ ደም አይፈስም። የሸሸ ይማጸንበታል እንጂ አይታረድበትም። ያዢ፣ እናውጣት።»

አባ በፊት፣ እሷ በኋላ እግሮቿ ይዘው አወጧት። መንገዱን ሁሉ ጮኸች። ንዱን ሲሻገሩ ወይንእሸት አንዷለምን በዓይኗ ፈለገችው። አልነበረም። ቀስቲቱ ብቻ ከነጋቢው አጥሩን ተደግፋ ቆማለች።

«በሉ አባ» ብላ ካራዋን ዘረጋችላቸው።

«የጀመረ ይጨርስ» አሉ።

ካራዋ ዶለዶመች። አንድ ጊዜ አልበቃም፤ ሁለትም አልበቃም። አባ ራሷን ይዘው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው ዝም ብለው ጸለዩ። ካለቀ በኋላ ድንጋይ እያቀበሏት ከመረችባት፤ ጅብ እንዳይጎትታት ሳይሆን፣ እንዳታያት ነበር። እጇን ሣር ላይ እየጠረገች፣ ማንም ሳይጠይቃት «ወራት ሙሉ ዒላማ ስስት ነው የኖርኩት» አለቻቸው። «አንድም ቀን ደህና መትቼ አላውቅም። ዛሬ ገና አልሳትኩም።»

«እንግዲያማ ልጄ» አሉ አባ፣ «የሳትሽውም ያልሳትሽ ዕለት ነዋ።»

መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ። የቅኔው ወርቅ የገባት ቢቸና ልትደርስ ስትል ነው፤ ከመንገድ ዳር ተቀመጠች።

አንዷለም ደወለላት። «ሰው የመጣ መስሎኝ ነው የወረድኩት። ቤት ገብተሻል? ሞተች?»

«ሞታለች።»

«ጎሽ» አለ። ሌላ አልጠየቀም።

ሰኞ ሞጣ፣ የጉንፋንና የጨጓራ መድኃኒት በምታድልበት መሀል ጻፈችው። ሁሉንም ለስንዱ ሰጠቻት፤ ጠፍ ያለውን ድምፅ፣ ዞራ ጎኗን ያየችውን ሚዳቋ፣ አረንጓዴውን ደም፣ የዶለዶመችውን ካራ። አጥሩ ጋ ስለቀረው ሰው ግን አልጻፈችም፤ ስንዱ ብቻዋን ነበረች። ግሩፑ ላይ ለቅቃው ደንበኛ አስተናግዳ ስትመለስ ጽሑፉ የለም። ዳኛው አጥፍቶታል። በምትኩ ራሱ ጽፏል፤ «የስንዱ ፍላጻ የሚዳቋዋን ልብ አገኘ። ሚዳቋዋ በቆመችበት ወደቀች። የማዶ ሰዎች ስንዱን ጀግና አሏት።» ከሥሩ የጭብጨባ ምልክት ተደርድሯል።

ወዲያው ደወለችለት።

«ለምን አጠፋኸው?»

«ወይንዬ፣ ሰው ውሎው አንገሽግሾት ነው ወደ ማዶ የሚገባው። ያንን አንብቦ ማን ይተኛል?»

«እኔም አልተኛሁም። እንዲህ ነው የሆነው።»

«ጨዋታ ነው እኮ።»

«አንተማ ጨዋታ ነው። አጥሩ ጋ ቀርተሃላ።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሱን ለማንም አትንገሪ» አላት።

«ለማን እነግራለሁ» አለችው። ከልቧ ነበር።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የአንዷለም እኅት ፈንታዬ ተዳረች። የማዶ ልጆችም ከያሉበት መጥተው ከድንኳኑ አንድ ጥግ ይዘው ነበር። ወይንእሸትና ፈንታዬ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እንደ እኅትማማች ናቸው፤ እሷም ሚዜ ሆና ነበርና ወጥታ ስትገባ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ጠላው ሞቅ ሲያደርግ አቅራሪ ተነሣ፤ ወንዶቹ ተራ በተራ እየወጡ ፎከሩ። ድንገት አንዷለም የሰው ዱላ ነጥቆ መሀል ገባ።

«ዘራፍ! ዘራፍ የፈንታዬ ወንድም!
በአንድ ፍላጻ ብቻ ልቧን የነደለ፣
ሚዳቋን ከሩጫ በቁሟ የጣለ!»

ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ወይንእሸት የያዘችውን ሳሕን ከጠረጴዛ ላይ አኖረች። ጋሽ ይግዛው ከሽማግሌዎች መሀል ብድግ ሲሉ አየች፤ ገበታ ላይ ስሙን የማያነሡት ሰው፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እየወደቀ መጥተው ልጃቸውን አንገቱን አቅፈው ሳሙት። «የእኔ ልጅ!» አሉ። «የእኔ ልጅ ነው!»

ታዘበው ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ፣ «አንቺም ነበርሽበት አሉ» አላት እየሳቀ። «ፍላጻ እያቀበልሽው።»

ሳሕኗን አንሥታ ለእንግዶች ማደሏን ቀጠለች። ክብሩን አልፈለገችውም፤ ያችን ሚዳቋ ከላይዋ የሚያነሣላት ቢኖር ትሰጠው ነበር። እንቅልፍ ያሳጣት ነገር ለእሱ ማቅራሪያ መሆኑን ግን ልቧ ሊችለው አልቻለም። ከዚያም በታች ሌላ ነገር ነበር፤ ያ ክርኗን የያዘ እጅ፣ ዛሬ የፎከረበት እጅ መሆኑ።

በማግስቱ ሞጣ የሚሄደው ሚኒባስ ደብረ ወርቅ ሳይደርስ ጽፋ ጨረሰችው። የስንዱን ስም አላነሣችም። በገዛ ስሟ፣ በገዛ ስሙ፤ ማን እንደወረወረ፣ ማን አጥር ጋ እንደቆመ፣ ማን ጥሎ እንደወረደ፣ ጆሮውን ሊይዝ እጁን ማንሣቱን ሳይቀር። «ላክ» የሚለውን ስትጫን ዓይኗን አልጨፈነችም።

ደስ አላት። ይህንን ኋላም ለራሷ አልካደችም፤ ግማሽ ቀን ያህል ደስ ብሏት ዋለች። ማዶ በሳቅ ታመሰች። ታዘበው አጥር ተደግፎ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሥዕል ሠርቶ ለቀቀ። ሥዕሉ ግሩፑ ውስጥ አልቀረም፤ ቢቸና ገባ። የባጃጅ ሾፌሮች አንዷለምን ሲያዩ «አጥሩ! አጥሩ!» እያሉ ጥሩምባ ይነፉበት ጀመር። ገበያ ላይ ደግሞ አንድ ሰካራም ጋሽ ይግዛውን አስቁሞ፣ «አጥርዎ ደህና ነው?» ብሎ ጠየቃቸው አሉ። ጋሽ ይግዛው ሳይመልሱ ቤት ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ገበታ ላይ የጎረቤት ልጆችንም ስም መጥራት ተዉ። እንዲሁ ጎርሰው ይነሣሉ።

ይህን የነገረቻት ፈንታዬ ናት፤ ወይንእሸት ለይቅርታ ስትደውልላት።

«ዋሽቷል፤ አልክድሽም» አለች ፈንታዬ። «ለእኔ ብትነግሪኝ አይበቃም ነበር? ወይ ለእሱ፣ ፊት ለፊት? ሆዱን ወግተሽ ለቀቅሽው እኮ።»

ፈንታዬ መልስ ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው፤ ከዚያ በኋላም አላነሣችላትም።

ማዶ ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየች። ዳኛው ግሩፑን ለቅቆ ወጣ። የሚፈርድ ሲጠፋ እያንዳንዱ እንዳሻው ገደለ፣ እንዳሻው ነገሠ፤ ሰለቻቸውና አንድ በአንድ ወጡ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ጠዋት ወይንእሸት ሞጣ መነኻሪያ በር ላይ አንዷለምን አየችው። ከቢቸና መጥቶ ለባሕር ዳር መኪና የሚጠብቅ ኖሯል፤ ቦርሳ አንግቷል። ከሳ ብሏል። ልታልፈው አስባ እግሯ እምቢ አላት።

«የት ነው?» አለችው።

«ባሕር ዳር። ከዚያ እንጃ።»

«ሥራ ተገኘ?»

«ይገኛል።» ፊቷን ትኩር ብሎ አየው። «ደስ አለሽ?»

«አላለኝም።»

«አባቴ ልጄ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው» አለ፤ ድምፁ ቁጣ የለውም፣ ልመናም የለውም። «ይህን ቀድመሽ ብታውቂ ዝም ትይ ነበር?»

አውቃ እንደነበር ልትነግረው አፏን ከፈተች። ድንኳኑ ውስጥ ነበረች፤ የሽማግሌውን ጋቢ ሲወድቅ አይታለች። «እንጃ» አለችው።

ረዳቱ በሩን እየደበደበ፣ «አንድ ሰው ባሕር ዳር! አንድ ሰው!» ይጣራል። አንዷለም ደህና ሁኚ ሳይላት ገባና ከኋላ ወንበር ተጣቦ ተቀመጠ። በመስኮቱ በኩል ወደ ወጪው መንገድ እንጂ ወደ እሷ አልተመለከተም። መኪናው ጭቃውን እየረጨ ወጣ።

መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ቆማ ትጠብቅ ነበር። «ቆየሽ እኮ» አለቻት። ወይንእሸት ይቅርታ ጠይቃ ቁልፉን ከቦርሳዋ መፈለግ ጀመረች።